ያልሰጠሁት ደብዳቤ

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው "እኔን እመኑኝ" ሲለኝ ማመን ያቅተኛል። የምጽፈው ቀለል ቢለኝ ብዬ ነው፤ ይቀለኛል ብዬ ግን አላስብም።

መቱ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሪከርድ ሠራተኛ ነኝ። ለዓመታት የተማሪ ውጤት ሮስተር በምንለው ሰፊ ወረቀት ላይ በእጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የእኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መደርደሪያው ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ወረቀቱ ሻጋታ ይሸታል።

ቶሎሳ እኛው ያስተማርነው ልጅ ነው። ቤታቸው ከአጥራችን ጀርባ ነበር። ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ከጓደኛው ጋር ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ከፈተና የተማሪ ውጤት የሚይዝ ፕሮግራም ሠራልን። ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ የድሮውን ሮስተር ሁሉ አስገባሁበት። ስም ጽፈው አንድ ቁልፍ ሲነኩ ትራንስክሪፕቱ ይወጣል። ደስታዬን አልደብቅም፣ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ እየጠራሁ አሳይ ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን ልናገር። መደርደሪያው ይጽዳ ሲባል ወረቀቱን በጆንያ አስሞልቼ ገበያ ውስጥ ሱቅ ላላቸው ለጋሼ ሸኩር ሰጠኋቸው። ስኳርና ጨው ይጠቀልሉበታል። መረቁኝ፤ እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በዓመቱ ቶሎሳ ድርጅቱን ለአዲስ አበባ ሰዎች ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ፕሮግራሙን የሚጠቀሙ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ነበሩ፤ ስንገናኝ ጥያቄያችን አንድ ነው። መዝገባችን ያለው እነሱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲቀየር ምን ይሆናል? እኔም ርእሰ መምህሩን አማክሬ፣ ቶሎሳ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ እንዲሰጠንና ኃላፊነቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥልን የሚጠይቅ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ማኅተምም አስመታሁበት።

ቶሎሳ ራሱ ቢሮዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። እናቱ በጠና ታመው ወደ ጅማ ሊወስዳቸው ነበር። ፊቱ ተጎሳቁሏል።

"እትዬ፣ ምንም የሚቀየር ነገር የለም" አለኝ። "ሰዎቹን በደንብ አነጋግሬያቸዋለሁ። እኔን እመኑኝ።"

መሳቢያዬን ከፈት አድርጌ ደብዳቤውን አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። እናቱ የታመሙበትን፣ ፊደል ያስቆጠርነውን ልጅ እንዴት ፈርምልኝ ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። "እናትህን እግዜር ይማርልህ" ብዬ ሸኘሁት።

አዲሶቹ ባለቤቶች በክረምቱ የድሮውን ፕሮግራም ዘግተው በራሳቸው ተኩት። መስከረም ላይ ስከፍተው የተማሪዎቻችን ስም በሙሉ አለ። እፎይ አልኩ። ተምረው የወጡትን መፈለግ ትዝም አላለኝ።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሌንሴ የምትባል ልጅ መቱ አቅራቢያ ካለችው ከኡካ መጣች። ዘጠነኛን እኛ ጋ ተምራ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የተዛወረች ናት። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች በኋላ አባቷ ስለሞቱ እናቷን ስትረዳ ቤት ቀርታ ነበር። አሁን ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

"ሌላውን ሁሉ ይዣለሁ እትዬ" አለችኝ። "የዘጠነኛ ብቻ ነው የቀረኝ።"

ስሟን ጻፍኩ። የለም። የክፍል ጓደኞቿን ስም ጠይቄያት ጻፍኩ። አንዳቸውም የሉም።

አዲስ አበባ ስደውል አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። "ወደ አዲሱ የተዛወሩት በትምህርት ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። የድሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ ተሰርዞ ለሌላ ሥራ ውሏል" አለችኝ። ቶሎሳ ጋ ደወልኩ። "እኔ እኮ ሁሉንም አስረክቤያለሁ እትዬ" አለኝ። እሱም አያውቅም ነበር።

ሌንሴን "የሪፖርት ካርድሽስ?" አልኳት። በእናቷ ሳጥን ውስጥ እያለ አይጥ በልቶታል።

ይዣት ጋሼ ሸኩር ሱቅ ሄድኩ። የተረፈውን ጆንያ ዘረገፉልንና ሁለታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ገለጥን። የሌላ ክፍል፣ የሌላ ዓመት ነው። "ግማሹን ጎሬ ላለው ወንድሜ ልኬለት ነበር" አሉን። ረቡዕ ጎሬ ሄድን። ወንድምየው ለቸርቻሪዎች ሸጦ ከጨረሰው ቆይቷል። ሐሙስ ትምህርት ቤቱ እዚህ ተምራለች ብሎ ጻፈላት፤ ኮሌጁ ውጤት የሌለበት ወረቀት አልቀበልም አለ። እስከዚያ ድረስ "ማሎ እትዬ፣ አንድ ቦታ አይጠፋም" እያለች ስትለምነኝ ነበር። ዓርብ ማታ ስደውልላት "እሺ" ብቻ አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ለለቅሶ ጎሬ ሄጄ ስመለስ ከጎሬ ገበያ ከአንዲት ሴት ኮረሪማ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ ጥቅሉን ስፈታው የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ዘጠነኛ "ሐ" ይላል። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ሌንሴ አለች፤ ከነሙሉ ውጤቷ፣ አንድ ቁጥር ሳይጎድል። ጎበዝ ነበረች። ለጉብዝናዋም ያኔ ስሟን በቀይ አስምሬበታለሁ።

ስልኳ አይሠራም። በማግስቱ ኡካ ሄድኩ። እናቷ ደጃፍ ላይ ቡና እየለቀሙ አገኘኋቸው። ሌንሴ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ሳምንቷ ነው።

"በጎ ነገር ይዘሽላት ነው የመጣሽው?" አሉኝ፣ ፊቴን እያዩ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። "አይ፣ እንዲያው ልጠይቃችሁ ብዬ ነው" አልኳቸው። አሁንም ይሉኝታ።

ቶሎሳን አልረግመውም፤ እናቱም አልተረፉለትም። ራሴን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሮስተሩንና ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ለማን እንደምሰጣቸው አላውቅም። መሳቢያዬን በከፈትኩ ቁጥር ኮረሪማ ይሸተኛል።