ሹፌሩ ያልሳቀበት ድራማ

የካኪ ጨርቅ ውሃ ተርከፍክፎበት የከሰል ካውያ ሲያርፍበት የሚወጣው ሽታ፣ ዛሬም በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ካገኘኝ እግሬን ይዞ ያቆመኛል። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ እናቴ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ግንቡ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን በሚያንኳኩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን እንደያዝኩ እሷ ዘንድ እየሄድኩ፣ የወደቀ ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ እቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ የምትሰፋው ሁሉ ካኪ ነበርና፣ አላፊ አግዳሚው «እናትሽ ለማን ነው የምትሰፋው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ለሽፍቶች!» እያልኩ እኮራ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ፣ ትምህርት እንደተከፈተ ነው። መምህር ምትኩ የሚባሉ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ የአማርኛ አስተማሪ፣ የታላቅ እህቴን የሰላማዊትን ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ እሳቸውም ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ከርመው ስለ ሸዋንግዛውና ስለ ብርቄ ሙዚቃዊ ድራማ ጻፉ። ሸዋንግዛውና ብርቄ በአያቶቻችን ጊዜ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መሽገው፣ ከድሬዳዋ የሚመጣውን መኪና እያስቆሙ ሲዘርፉ የኖሩ ባልና ሚስት ሽፍቶች ነበሩ። ስንቱን እንዳስለቀሱ የሚያወራ አልነበረም፤ የሚወራው እሱ ሲቆስል እሷ ተሸክማው ገደል መውጣቷ፣ እሷ ስትታመም እሱ ለመድኃኒት ብሎ ከተማ መግባቱ ነበር። እህቴ የብርቄን ቦታ አገኘች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው ፊት ቆማ ቃል ስትናገር ያላየናት ዝምተኛ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እየዘፈነች የምትነሳ፣ እየዘፈነች ሰሃን የምታጥብ ሌላ ልጅ ሆነች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው አባቴ መጀመሪያ ቅር ቢለውም፣ ደስታዋን ሲያይ ዝም አለ።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ዝናሙ አልፎ ከሶፊ በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ አቧራ ሲያስነሳ፣ ልምምዱም ደረሰ፤ ዘፈኖቹም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥተው ሰፈር ለሰፈር ዞሩ። ከሁሉም የተወደደው የመኪናው ዘፈን ነበር። ሽፍቶቹ የጭነት መኪና ያስቆሙና፣

«ውረድ ሹፌር ውረድ፣ ምንድን ነው ችኮላ፣
ጭነቱን አውርደህ፣ ትሄዳለህ ኋላ»

እያሉ ይከቡታል፤ ሹፌሩም ከት ብሎ ስቆ ይወርድና፣ አብሯቸው እስክስታ ወርዶ፣ ጭነቱን በገዛ እጁ ያወርድላቸዋል። ሹፌሩን የሚሠራው ኢምራን የሚባል የጀጎል ልጅ ነበር። ገና ብቅ ሲል ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

እኛ ቤት እማማ ዘነበች የሚባሉ የእናቴ አክስት ነበሩ። እናቴን ከሕፃንነቷ ያሳደጉ፣ የራሳቸው ልጅ የሌላቸው፣ ጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ምስር የሚለቅሙ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ባል እንደነበራቸውና እንደሞተ እናውቃለን፤ ግን ስሙን ሰምተን አናውቅም፣ ጠይቀንም አናውቅም። አሮጊት ሁሉ እንደዚያ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰላማዊት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች የመኪናውን ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። እማማ ዘነበች ምስር መልቀማቸውን ተዉና፣

«እስቲ ድገሚው» አሏት።

እህቴ ደስ ብሏት፣ አረፋ የነካ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ተነስታ፣ ከነእስክስታው ደገመችላቸው። እኔም አጨበጨብኩላት።

«ሹፌሩ ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«ይስቃል፣ እማማ! ኢምራን ነው የሚሠራው፣ እንዴት እንደሚያስቅ ቢያዩት!»

እማማ ዘነበች፣ «እሱስ አልሳቀም፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ትሪያቸውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሰላማዊት ምን እንዳጠፋች ሳይገባት፣ እጇ ላይ አረፋው እየደረቀ እዚያው ቆማ ቀረች።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርናት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና፣ የእማማ ባል የጭነት መኪና ሹፌር እንደነበር፣ ከድሬዳዋ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ሲመጣ ደንገጎ ላይ እነሸዋንግዛው አስቁመው እንደገደሉት፣ ከተጋቡም ገና ዓመት እንዳልሞላቸው ነገረችን። «የድሮ ነገር ነው፣ ጓሮ ተቀምጠው አይሰሙም ብዬ ነው» አለች፤ «እኔ ደግሞ ለነሱ ልብስ እሰፋለሁ!» አባቴ ቆጣ ብሎ፣ «በቃ፣ ልጅቷ ትውጣ፤ ሌላ ብርቄ ይፈልጉ» አለ። እህቴ ያን ቀን ምግብ አልበላችም። በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነው ደስታ በአንድ ጠዋት መርዝ ሆኖባት፣ ልተወው ብትል አንጀቷ አልችል አለ፣ ልቀጥል ብትል የእማማን ፊት ማየት አቃታት። ሰኞ ግን ማንንም ሳታማክር መምህር ምትኩ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

እሳቸውም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኢምራንን አስከትለው እኛ ቤት መጡ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሏቸው። ኢምራን ገና ከመቀመጡ፣ «ወላሂ አላወቅሁም፣ እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ያ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ምን አጠፋህና፣ ልጄ? አንተ ያኔ መች ተወለድክ!»

መምህር ምትኩም፣ «እማማ፣ እንተወው ካሉን እንተወዋለን» አሉ።

«ልጅቷ ትጫወት» አሉ እማማ። «ሹፌሩ ግን አይሳቅ።»

ኢምራን ቀና ብሎ፣ «ባለቤትዎ እንዴት ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። እማማ ዘነበች በዚህ ጥያቄ ፊታቸው በራ። ይርጋ ይባል እንደነበር፣ ሲነዳ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ያፏጭ እንደነበር፣ ገና ሳይታይ ከሩቅ በፉጨቱ ያውቁት እንደነበር ነገሩት። እኔ በር ሥር ተቀምጬ ነበር፤ እማማ ያን ያህል ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቀጠሉ።

«ሸዋንግዛው እዚያው ጫካ ሞተ፤ ብርቄን ግን ይዘው በሸዋ በር አስገቧት። እኔ ከምንጭ እንስራ አዝዬ እየተመለስኩ ነበር፤ ሰው ሲንጋጋ አየሁና ልተፋባት ሄድኩ። ሳያት እኩያዬ ናት። የፊጥኝ አስረው ግንቡ ሥር አስቀምጠዋታል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እንስራዬን አየችና ‹እህቴ፣ ውሃ› አለችኝ። አልሰጠኋትም። ዞሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዴት እንደወሰዷት አላውቅም።»

መምህር ምትኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ልጻፈው?» አሉ።

«ጻፈው። እንደሰጠኋት አድርገህ ግን እንዳትጽፍ።»

ጥር ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለድራማው ጢም ብሎ ሞላ። ከድሬ ጠያራ ሳይቀር በእግራቸው የመጡ ነበሩ። እማማ ዘነበች የፊት ወንበር ላይ በእናቴና በእኔ መካከል ተቀመጡ። መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ፉጨት ተሰማ፤ እማማ የእጄን አንጓ ጨብጠው ያዙ። ኢምራን ክርኑን አውጥቶ፣ በካርቶን በተሠራችው መኪና እያፏጨ ገባ። ሽፍቶቹ «ውረድ ሹፌር ውረድ» ሲሉ፣ ሕዝቡ ያንን የሚያውቀውን ዘፈን ጠብቆ ስለነበር ጭብጨባውን አቀለጠው። ኢምራን ግን አልሳቀም። ወርዶ ተንበረከከና፣ «ሚስቴ ትጠብቀኛለች» አለ። ዘፈኑ ያው ነበር፣ ዜማውም ያው፤ ጭብጨባው ግን ከፊት እየጀመረ፣ አንድ በአንድ እየቆመ ሄዶ፣ ጥይቱ ሲጮህ በአዳራሹ የሚያጨበጭብ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻው ትዕይንት ሰላማዊት እጇ ታስሮ፣ እናቴ የሰፋችው ካኪ ትከሻዋ ላይ ተቀድዶ ተቀምጣ ነበር። የሹፌሩን ሚስት የምትሠራው ልጅ እንስራ አዝላ መጣች። እህቴ፣ «እህቴ፣ ውሃ» አለች። ልጅቷ ዞር ስትል ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ስጫት!» ብላ ጮኸች። «ባሏን ላስገደለችባት? ምን ሲደረግ!» አለ ሌላው። «ሰው አይደለችም ወይ?» አለ ሦስተኛው፤ አዳራሹ በክርክር ተናወጠ። እማማ ዘነበች ወደ ኋላቸው ሳይዞሩ፣ እህቴን እያዩ ነበር። መጋረጃው ሲዘጋ ሰዉ ክርክሩን ይዞ ወጣ። መምህር ምትኩ በኋላ እንደነገሩን፣ አንዳንዶች «ደስ የሚለውን ድራማ አበላሹት» ብለው ተቆጥተዋቸዋል።

ቤት ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሰላማዊት ደክሟት ወንበር ላይ ወደቀች። እማማ ዘነበች ወደ ጓዳ ገቡና፣ ውሃ በብርጭቆ ሞልተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ! እኔ እቀዳለሁ» ብላ ልትነሳ ስትል፣

«ጠጪ» አሏት።

ጠጣች። እስክትጨርስ ድረስ እንደቆሙ ጠበቋትና፣ «ልጨምርልሽ?» አሉ። እህቴ በሕይወቷ ያን ያህል ጠምቷት እንደማያውቅ ሁሉ ሁለተኛውንም ጨለጠችው፤ ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። እማማ አላለቀሱም። እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲጥል፣ እማማ ዘነበች ከአልጋቸው ሥር ከነበረው ሣጥን በነጠላ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡ። አንድ ቀጭን ወጣት፣ እጁን የጭነት መኪና በር ላይ አሳርፎ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ያያል። እናቴ ከጊደር መጋላ ፍሬም ገዝታ ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ እማማ ጠዋት ጠዋት ምስራቸውን ይዘው ሳሎን መቀመጥ ጀመሩ።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ሰላማዊት ድሬዳዋ አስተማሪ ሆናለች፤ በየወሩ በሚኒባስ በደንገጎ በኩል ትመጣለች። ፎቶግራፉ አሁን እኔ ቤት ነው። እኛ በዝምታ መካከል፣ ምንም ሳንጠይቅ አደግን፤ የእኔ ልጆች ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሻይ በቀረበ ቁጥር፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ይላሉ። ይርጋ እንደሚባል፣ ጨው ይጭን እንደነበር፣ እንዴት እንደሞተም እነግራቸዋለሁ። ስልካቸውን እየነካኩ በግማሽ ጆሮ ይሰሙኝና፣ ወር ሳይሞላ ረስተው እንደገና ይጠይቁኛል። እናቴ ይህን ስታይ «የዛሬ ልጆች!» ትላለች። እኔ ግን አልቆጣም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እንደገና እነግራቸዋለሁ።