የቡሬ ኦፕራሲዮን

ከነገሌ ቦረና የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል፣ ፍየል በጫነ መኪና ነው። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ አብረን የምንጸልይባትን ቤት የዘጉት ሰዎች ደግሞ ወደ እኔ መዞር ጀምረው ነበር። ይዤው የወጣሁት የስፌት መኪናዬንና የባሌን ውሻ ቡሬን ነው።

ሾፌሩ አብዲ ቡሬን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ።

«እህቴ፣ እኔ ውሻ ጭኜ አላውቅም።»

«የመምህሩ ነው» አልኩት። ባሌ ልጆቹን አስተምሮለታል።

«እሺ፣ ከፍየሎቹ ጋር ይውጣ። ከእኔ ልብስ ግን ይራቅ» አለኝ።

በዱብሉቅ አድርገን ሞያሌ ደረስን፤ ከዚያ ናይሮቢ። እዚህ ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አለ፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። ቡሬ እንኳ መጀመሪያ ቀን አሽትቶ ትቶታል። የተማሪ ልብስ እየሰፋሁ መኖር ጀመርን። ቀስ በቀስ ግን የቡሬ ሆድ ማበጥ ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሙ «ሃው ኢዝ ሂ?» ሲለኝ «ፋይን» አልኩት። እኛ ዘንድ «አካም?» ብሎ እንዴት ናችሁ ለሚል ሰው መልሱ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፤ ክፉው ነገር ኋላ ቀስ ብሎ ይወራል። እሱ ግን «ደህና ከሆነ ለምን አመጣሽው?» ብሎ ባለ ድመቷን ጠራ። ወረፋው ዞሮ ሲደርሰኝ ሆዱን ዳበሰና ውስጡ እብጠት አለ፣ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይቆይም አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ያለኝን ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩት። የሚሸጥ የስፌት መኪናዬ ብቻ ነበር። እሷን ሸጬ በምን ልኖር ነው?

አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ነገሩን ሰምታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ይህ ውሻ ከተከራዮቼ ሁሉ ጨዋ ነው። ግን ለውሻ ሐኪም የምትከፍይ ሰው ከሆንሽ ኪራይ መጨመር አለብኝ።»

ቢቸግረኝ በነገሌ ጎረቤት ሱቅ ስልክ በኩል የባሌን እናት አስጠራኋቸው።

«አዮ፣ ቡሬ ታሟል።»

«ምኑን?»

«ሆዱን። እብጠት ነው፣ ኦፕራሲዮን ይሁን አሉ።»

ባሌንም በዚሁ ነበር አዲስ አበባ የወሰዱት፤ ከኦፕራሲዮኑ አልነቃም። አዮም እኔም አጠገቡ አልነበርንም።

«ልጄን ከፍተው ምን አገኙ?» አሉ። «ተዪው፣ ልጄ። አንዱ እንኳ በእጃችን ላይ ይሙት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አስተኚው።»

«እሺ» አልኳቸው። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ቡሬን አቅፌ ደጅ አስተኛሁት። ሐምሌ ነበር። የናይሮቢ ሰማይ ሐምሌን ሙሉ እንደ አመድ ነው፤ ቀና ብዬ እያየሁ ነጠላዬን አለበስኩት። ቀኑን ሙሉ ስፌቴን ትቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ያለፈውም ጭኔ ላይ ተኝቶ ነው።

ከቀበርኩት በኋላ ደወልኩላቸው።

«ፀሐይ አየ?» አሉኝ።

«አየ፣ አዮ» አልኳቸው።