ከግድግዳው የነቀልኩት ገመድ

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለአንድም ነፍስ ተንፍሼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በዓርብ የበላሁትን ሥጋ ሳይቀር ስዘረዝር ቆይቼ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ኧረ አለ! እንዴት የለም? እናንተ የምታነቡኝ ፊቴን አታዩትም፤ ምናልባት ዛሬ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

ሄኖክ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ታካሚዎች «ዶክተር» ይሉኛል፣ እኔም አላርማቸውም። ይኼኛው ትንሹ ኃጢአቴ ነው።

የሰው ልብ ሲቆም ደረቱን በሁለት እጅ ሳያቋርጡ መጫን ያስፈልጋል፤ ደሙ እንዲዘዋወር። ታዲያ ሰው ሥጋ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ከተጫነ ክንዱ ይዝላል። በሚሄድ አምቡላንስ ውስጥ ደግሞ ቆሞ መጫን ጭራሽ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ደረት የሚጫን ማሽን ሲመጣልን ሠርግ የተጠራን ያህል ደስ አለን። ከበሽተኛው ደረት በላይ ይታሰርና ያለ ድካም ይጫናል። «ጉልበተኛው» አልነው። ጠባቂው ተካልኝ ነበር፣ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኛችን። ከአርባ ምንጭ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ የሆነ ሰው ነው። በባትሪው ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር።

ቀኑ ኅዳር ውስጥ ነው። ጠዋት በማሽኑ ስልጠና ሲሰጠን ስላረፈደ ባትሪው ተሟጠጠ። ተካልኝ የነርሶች ክፍል ውስጥ ካለችው አንዲት ሶኬት ላይ ሰካውና «እባካችሁ፣ እስኪሞላ እንዳይነቀል» ብሎ በእጁ ጽፎ ለጠፈበት። እኔ ነቀልኩት።

ለምን? በርዶኝ ነበር። የእኛን ከተማ የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ምሳ በልቼ ስገባ ጣቶቼ እርሳስ አልይዝ ብለው ነበር። ማሽኑን ነቅዬ ሂተር ሰካሁ። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ ለራሴ። ወረቀቱን ማንም አይቶ እንዳይቆጣኝ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያችን አጥፎ መክተት ልብ በሉልኝ። ረስቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ኪሴ ምን ይሠራል? ከዚያ ሙቀቱ ጣመኝ። አምስት ደቂቃው ሁለት ሰዓት ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአንኮበር ተደወለ። ደረታቸውን አጥብቆ የያዛቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ቶሎ ድረሱ ተባልን። ከሲስተር እታገኝ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ገባን፤ ማሽኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባትሪው እንዳልሞላ የምትነግር ቀይ መብራት ነበረች። አይቻታለሁ። አላየሁም ብል ሌላ ውሸት ይጨመርብኛል።

ሽማግሌው አባባ ሁሴን ናቸው፣ የአሊዩ አምባ የሽንኩርት ነጋዴ። ልጃቸው ዘሃራ ከቆላው ይዛቸው ወጥታ ነው አንኮበር ያደረሰቻቸው። ስንመለስ ጉም ውስጥ ገባን። እሳቸው በኦክስጅኑ ጭንብል ውስጥ ሆነው «ዶክተር፣ እዚህ ብርድ ውስጥ በእውነት ሰው ይኖራል?» ብለው ቀለዱብኝ። መልስ ልሰጣቸው ዞር ስል ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ። ልባቸው ቆመ።

ማሽኑን አሰርንላቸው፣ መጫን ጀመረ። በኤሌክትሪክ ንዝረት መስጫው አንዴ መታናቸው፤ አልተመለሱም። ማሽኑ እየተጫነ ነው፤ እኔም መድኃኒት እየቀዳሁ ነው። ከዚያ ጉልበተኛው ዘገም አለ፣ ጮኸ፣ ቀጥ አለ። እኔም አብሬው ቀጥ አልኩ። ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ። ይህን ሰው ልገድለው ነው አልኩ፣ ለሂተር ብዬ!

ሲስተር እታገኝ ማሽኑን ፈትታ ወረወረችውና በሁለት እጇ ገባችበት። አጭር ናት፤ አልጋው ላይ ተንበርክካ ነው የምትጫነው። «መኪናውን አቁም! ሄኖክ፣ ቁጠርልኝ!» አለች። ሾፌሩ መንገድ ዳር ያዘ። እሷ ሲደክማት እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ እሷ። የአባባ ሁሴን ጎድን ከእጄ ሥር ሲሰበር ሰማሁት። ዘሃራ የአባቷን እግር ይዛ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ትላለች። የንዝረት መስጫው ባትሪ ግን እንደ ሞላ ነበር፤ እሱን የምትሰካው እታገኝ ናታ! ሦስተኛውን ከመታን በኋላ አንገታቸው ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። «መታ» አለች። «ሄኖክ፣ መታ!»

ተመስገን። ያን ቀን ያልኩትን ተመስገን ዛሬም እላለሁ። እጇን ስሜ ባለቅስ በወደድኩ ነበር፤ የእሷ ክንድ ባይኖር እኔ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ነኝ። እሷ ግን ላቧን በጋውኗ ጠርጋ «ይቺ ሥራ ቂጣ ታስበላለች፣ ርቦኛል» አለች።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ነፍሴ እንኳ ገና ሳትረጋጋ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ኃላፊያችን «ማሽኑ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተበላሽቶ ቆመ» አልኩት። አየሁት፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ ነው። አስቤ ተናገርኩት፣ ሪፖርት ላይ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበት። ተካልኝ «እኔ ሰክቼው፣ ወረቀት ለጥፌበት ነበር» ሲል ሁላችንንም ጠየቁን። «ወረቀት አላየሁም» አልኩ። ወረቀቱን ከአንድ ሰዓት በፊት ቀዳድጄ ሽንት ቤት ከትቼዋለሁ።

ማሽኑ «አይሠራም» ተብሎ፣ ከውጭ ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ማንም እንዳይነካው መጋዘን ገባ። ደህና ነው ብሎ የፈረመው ተካልኝ ስለሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ፋይሉም ውስጥ ተቀመጠ። ከአራት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አይቶት «ምንም አልሆነም» አለና ተመለሰልን። በእነዚያ አራት ወራት ልባቸው ቆሞ ያመለጡን አሉ። ማሽኑ ቢኖር ይተርፉ ነበር? በደንብ ከተጫኑት እጅ ከማሽን አያንስም ይላሉ ያስተማሩን። በዚህ ልጽናና? አንዷ ሟች ከሩቅ የመጣች ነበረች፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ። አላውቅም፤ እስክሞት ድረስም አላውቅም።

ማስጠንቀቂያውን በተቀበለ በሁለተኛው ሳምንት ተካልኝን የነርሶች ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሲበሳ አገኘሁት። ሁለተኛ ሶኬት እየጨመረልን ነው። ማንም አላዘዘውም። ፊቱን ሳያዞር «ክፍሉ ይበርዳል አይደል?» አለኝ። ያውቃል! አውቆ ዝም አለኝ፣ አውቆ ሶኬት ሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። ምነው ቢሰድበኝ!

ባለፈው ሰኞ እታገኝ ስታወራ ሰማሁ። ተካልኝ ሲመኘው ለኖረው የትምህርት ዕድል ተወዳድሮ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ማመልከቻው ተመለሰበት። ማስጠንቀቂያው ከተነሳለት መልሶ ማስገባት የሚችለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። በማግስቱ አባባ ሁሴን ለክትትል መጡ። እንደ ልማዳቸው በፌስታል ፓፓያ ይዘው «አላህ እጅህን ይባርከው ዶክተር» ሊሉኝ እጃቸውን አነሱ። አልቻልኩም። ወንበር ላይ አስቀምጫቸው ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ገመዱን፣ ወረቀቱን፣ ቀይ መብራቷን፣ ተካልኝን። ዶክተር እንዳልሆንኩም ነገርኳቸው።

በጣታቸው ሲያዞሩት የነበረው መቁጠሪያ ቆመ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔስ አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሴ ተመልሳልኛለች። አንተ የዚያን ሰው ስም መልስ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ስሙን መልሰህ ና፣ ያኔ እመርቅሃለሁ።» ፓፓያውን ግን ትተውልኝ ሄዱ። ደጋግ ሰዎች ከበውኝ ነው የኖርኩት፤ ይኼንን ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እቤቴ ገብቼ ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ብርዱ አንድ መስመር አስገብቼ ነበር፣ ሰረዝኩት። በርዶኝ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ነቀልኩ፣ ደበቅኩ፣ ዋሸሁ፣ ሌላ ሰው ተቀጣልኝ። ከሥራ ያሰናብቱኝ ይሆናል። ያሰናብቱኝ።

ረቡዕ ጠዋት ግን ደብዳቤውን ወደ ቢሮ ሳልወስድ መጀመሪያ ተካልኝ ጋ ሄድኩ። ቆሞ አነበበው። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበው። እኔ እኮ ሰውዬው ያኔውኑ ይቅር ብሎኝ፣ ረስቶት የሚኖር መስሎኝ ነበር።

«ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅኩህ» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ደብዳቤውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠውና «መጀመሪያ አስገባው» አለኝ።

አስገባሁት።