ወደ ግራ የዞረው ክር

ኦሪን ደከርን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ እኔ የሣር ማጨጃ ሞተር እጠግናለሁ፣ እሱ ያረጁ የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎችን ያድሳል። ግትር ሰው ነው። ቡናው እጣቢ ነው፤ ስነግረው «ካልጣመህ የራስህን አፍላ» ይለኛል። ቢሆንም በኦሳብል ወንዝ ዳር ዘንጉ የተሰበረበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ሊፈቀድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት መምህርት ከአያቷ የወረሰችውን ዘንግ ይዛ መጣች። «የማን ሥራ እንደሆነ ብቻ እወቅልኝ» አለችው። ኦሪን እንደ ልማዱ መያዣው አጠገብ ስም ፈለገ፤ ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቷል። ዘንጉ የተሠራባቸው ስድስት የቀርከሃ ስንጣቂዎች የተጣበቁበትን መንገድ አየ፣ የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች አየ፣ እዚሁ ከተማ ከነበረውና ከተዘጋው የዘንግ ፋብሪካ የወጣ መሆኑን አወቀ።

እናቱ ሊዮታ እዚያ ነበር የምትሠራው። ቀለበቶቹን ከቀርከሃው ጋር በሐር ክር ከሚጠመጥሙት ሴቶች አንዷ ነበረች። ኦሪን የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። አባቱ ሐዘኑ ሲከብደው ዕቃዋን ሁሉ ሰጥቶ ጨረሰው፤ የተረፈችው አንዲት ፎቶ ናት፣ እሷም ላይ ፊቷን አዙራለች።

«ምናልባት እናትህ የጠመጠመችው ይሆናላ» አልኩት፣ ለጨዋታ።

አልሳቀም። «ዘንጉ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካው ባለቤት ስም ነው። ክር ጠምጣሚዎቹን ማን ጽፏቸው ያውቃል?» አለና ጃኬቱን አነሳ። «ና፣ ዊልማ ዘንድ ውሰደኝ።»

እትዬ ዊልማ ከእነዚያ ሴቶች በሕይወት ያለች የመጨረሻዋ ናት፤ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው በአረጋውያን ቤት ነው። ዘንጉን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። መያዣውን ዞር ብላም አላየችው። አጉሊ መነጽሯን ክሩ ላይ ደቅና ቆየች።

«ስምንት ነበርን» አለች። «ሰባታችን በቀኛችን ስለምንጠመጥም ክራችን ወደ ቀኝ ይዞራል። ይሄ ወደ ግራ ነው የዞረው። ግራኝ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች።»

«ማን ነበረች?» አለ ኦሪን።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የሊዮታ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ያቺ ሴት ከሞተች ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ጣቷ ያሳለፈው ክር ግን፣ ስንት ወንዝ ሲጠጣ ኖሮ፣ አንድም ዙር ሳይዛነፍ ፊታችን ተቀምጧል። የማላምንበት ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ኮፍያዬን አወለቅሁ።

ስንመለስ ኦሪን መኪና ውስጥ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋደመው። የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ፣ «ዘንግ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ምንድነው?» አለኝ።

አውቀዋለሁ፤ ሁላቸውም የሚያደርጉት ነው። አሮጌውን ክር በምላጭ ቀዶ መጣል፣ ከዚያ በአዲስ መጠምጠም።

«አርባ ዓመት» አለ። «ስንቱን የእሷን ጠርጌ ጣልኩት።»

መኪናዬን በሩ ድረስ አስጠጋሁለት።

ለመምህርቷ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። እሷም «ደህናውን ክር አትንካብኝ፣ የጎደለውን ብቻ ሙላልኝ» አለችው። የጎደለው አንድ ነበር፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ክሩ አልቋል።

በማግስቱ ጠዋት ጎኑ ተቀመጥኩ። በቀኙ ጠመጠመ፣ በመነጽር አየው፣ ፈታው። ወደ ቀኝ የዞረው ክር ከእናቱ ሥራ አጠገብ ተጣልቶ የቆመ ይመስል ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ግራ እጁን በማስመሪያ እየመታ ወደ ቀኝ እንዳዞረው ድሮ አጫውቶኛል። አሁን ክሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረው።

የመጀመሪያው ዙር ተንጋደደ። «እኔ የሣር ማጨጃ ጠጋኙ እንኳ ከዚህ የተሻለ አስራለሁ» አልኩት። ሁለተኛውም ተንጋደደ። ከዚያ እጁ ረጋ፤ ዙሩ ከዙሩ ጎን እየተኛ ሄደ፣ ወደ ግራ፣ ሳይዛነፍ። ጨርሶ ሲያበቃ የቱ የእሱ፣ የቱ የእሷ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

«በግራህ መጠምጠም ማን አስተማረህ?» አልኩት።

በአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያለውን አሮጌ ክር ዳሰሰ። «እሷ» አለኝ፣ «አሁን።»