የተዘጋው እጅጌ

ጋሽ መርፌ የምንላቸው ልብስ ሰፊ ከግድግዳዬ ወዲያ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ እግራቸው አይታዘዝም፤ ምላሳቸው ግን ይሮጣል። ማሽናቸው ሳይነጋ ሲንጣጣ ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እሳቸውም "ነይ ጆሮሽን ልስፋልሽ!" ይሉኛል። እንዲህ እየተናቆርን ኖርን።

ከዚያ አንድ ምላሰ ለስላሳ ወጣት መጣ። "አለሁልዎት አባባ" እያለ ዳቦ ገዛላቸው፣ መድኃኒት አመጣላቸው። እኔ ሞኟ "ተመስገን፣ ሰው አገኙ" አልኩ። ውሎ ሳያድር ጓደኞቹን አስገባ። በሩ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ ትንሽ ጥቅል ኪሱ ከቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ጋሽ መርፌ ግን ደጅ መውጣት ተዉ። ስጠይቅ "አሟቸው ተኝተዋል" እባላለሁ። ማሽኑ ግን አልፎ አልፎ ይሰማኛል። የተኛ ሰው ይሰፋል እንዴ?

አንድ ቀን ቀሚሴን እንዲያሳጥሩልኝ ወሰድኩ። ወጣቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀበለኝ። ተሰፍቶ ሲመጣ ብለብሰው እጄ አልወጣ አለኝ። የሁለቱም እጅጌ ጫፍ ድርብ ተሰፍቶ ተዘግቷል! ደሜ ፈላ። የተንጠለጠለች ክር እንኳ ትተው የማያውቁ ሰው! ሄጄ በሩን በቡጢ ነረትኩት።

"ጋሼ! ዓይንዎ ጠፋ እንዴ?"

ወጣቱ ሲከፍት በትከሻው ላይ አሻግሬ አየኋቸው። ጺማቸው አድጎ፣ ከስተው፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጠዋል። ክራንቻቸው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው የማይደርሱበት ቦታ። በስድቤ ፋንታ ክራንቻውን በዓይናቸው አሳዩኝ። ያኔ ንዴቴ ጠፋ፤ የተዘጋው እጅጌ "ድረሺልኝ" ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ዝም ብል ግን ያልቅላቸዋል። ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩ። "እቤቴ መጥተው፣ እፊቴ ይፍቱት! አለዚያ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ጉድዎን አወጣለሁ!"

ሰፈሩ እንዲሰበሰብ ማን ይፈልጋል? "ኧረ እባክዎ አይጩሁ" አለና ክራንቻውን አወረደላቸው። በጆሯቸው የሆነ ነገር ሹክ ብሎ ለቀቃቸው፤ እኔም ደግፌ እቤቴ አስገባኋቸው።

በሬን ቆልፌ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ አንኳኳ።

"አላለቀም?"

"እየፈቱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። የበሬ እጀታ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ ደረጃው ላይ የፖሊሶቹ ጫማ ተሰማ፤ እሱም ሮጠ፤ ግን አላመለጠም።

"ጋሼ፣ ግድግዳውን እንኳ ቢደበድቡልኝ ምን ነበር?" አልኳቸው።

"ከተናገርክ ከነቤትህ እናቃጥልሃለን አሉኝ። እኔም የመጣልኝን ልብስ ሁሉ ዘግቼ መለስኩ።"

"የሌሎቹም ተዘግቶ ነበር?"

"አዎ። እነሱ ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ" አሉና እንባቸውን በቀሚሴ ጠረጉ። "ልትሰድበኝ የመጣች አንቺ ብቻ ነሽ።"