ልቤ የመሰከረብኝ ቀን

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው። ከሥራዬም ከሰውም ለይቶኝ ስላለፈ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ምናልባት ስጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጥገኝነት የሚጠይቁ ያገሬ ልጆች ቃላቸውን ሲሰጡ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሥራው ግን በጥሪ ነው፤ ከደወሉልህ ትሄዳለህ፣ ካልደወሉልህ ቤትህ ትቀመጣለህ። ስለዚህ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ስሰማ ወዲያው አፕላይ አደረግሁ። ፈተናውንም ኢንተርቪውንም አለፍኩ። ባለቤቴ ሰናይት ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። "ገና ሳይወለድ ዕድሉን ይዞ መጣ" አለችኝ። እኔም አመንኳት።

የቀረው የደህንነት ማጣሪያው ብቻ ነበር። እሱን በኮንትራት የሚሠራው አንድ የግል ድርጅት ነው። ከዚያ የደወለችልኝ ሴት ሥራው ሚስጥር የሚያዝበት ስለሆነ በውሸት መመርመሪያ ማሽን እንደምፈተን ነገረችኝ። "ግዴታ አይደለም፣ በፈቃድህ ነው" አለች። እምቢ ብል ምን እንደሚጠረጥሩ መች ጠፋኝ? ደግሞስ የምደብቀው ምን አለኝና! እሺ አልኩ።

ቢሮው ክላፋም በሚባል ሰፈር፣ ከመኖሪያ ቤቶች መሃል ነው። ፈታኙ ሸምገል ያለ ትሁት እንግሊዛዊ ነበር። ደረቴንና ሆዴን ቱቦ በሚመስል ነገር አሰረኝ። ክንዴ ላይ የደም ግፊት የሚለካበትን ጨርቅ ጠቀለለ፤ ጣቶቼ ላይ ትናንሽ ብረቶች ገጠመ። ከዚያ ወደ ኋላዬ ሄዶ ተቀመጠ።

"ዘና በል" አለኝ። "እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

ይህን ሲለኝ መላ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ስሜን ጠየቀኝ፤ የተወለድኩበትን አገር ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ "በሥራህ ያወቅኸውን ሚስጥር ለሌላ ሰው አሳልፈህ ሰጥተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። እውነቴን ነው። ልቤ ግን ጆሮዬ ድረስ ይደልቃል። እጄ ላብ በላብ ሆኗል። ያንኑ ጥያቄ እያለዋወጠ ደጋገመው፤ በደገመው ቁጥር እኔም ባሰብኝ።

በመጨረሻ ፊት ለፊቴ መጥቶ ተቀመጠና፣ "ስለ ሚስጥሩ ስጠይቅህ ችግር አይቻለሁ። ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ?" አለኝ።

"ፈርቼ ነው።"

"ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?" አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ሥራው ቀረ። መቅረቱስ ባልከፋ ነበር፤ የጥሪውም ሥራ አብሮ ደረቀ። በየጊዜው ይደውሉልኝ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። ደውዬ ስጠይቅ፣ "ጉዳይህ እየታየ ነው" ይሉኛል። ማን እንደሚያየው የሚነግረኝ የለም።

ከሰናይት ሌላ ይህን ያወራሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለወዳጄ ለመኮንን። ሃክኒ ባለው ያገር ልጆች ማኅበር ለዓመታት አብረን ያገለገልን፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ የነበረ ሰው ነው። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ብቻ ከደህንነት ማጣሪያ የወደቀ አስተርጓሚ በኛ ሰው አፍ ምን ይባላል? ጆሮ ጠቢ ነዋ! ስደተኛው እያለቀሰ የነገረውን ላገር ቤት መንግሥት ያቀብላል ተባለ። አንድ እሁድ ወደ ማኅበሩ ስገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። መኮንን ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣ። ዓይኔን አላየኝም።

"ደሬ፣ ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል" አለኝ። "ሰዉ እኮ አገር ቤት ቤተሰብ አለው።"

"አንተም ታምናለህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለኝና ተመልሶ ገባ።

ቤትም ሰላም አልነበረም። ሰናይት ለብዙ ቀን ነገሩን በሆዷ ይዛው ቆይታ አንድ ቀን እራት ስንበላ፣ "ደሬ፣ እንዳትቆጣኝ። ያልነገርከኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"እኔንጃ። ማሽን እኮ ሰው ለይቶ አይጠላም። ዝም ብሎ እንዴት ይከስሃል?"

"የለም" አልኳት። አንገቷን ደፋች። እንዳላመነችኝ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። የተረጎምኩላቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እያመጣሁ፣ የማንን ነገር ለማን አውርቼ ይሆን እላለሁ። የማገኘው የለም። ግን ማሽኑ እኔ የማላውቀውን አውቆብኝ ቢሆንስ? ስንቱ ስደተኛ፣ "ስትመልስ ተርበትብተሃል፣ ቃልህ አይታመንም" ሲባል ፍርዱን በገዛ አፌ ተርጉሜ ነግሬዋለሁ። ያኔ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ያን ሰሞን ነው።

አንድ ከሰዓት ዌምብሊ ባቡር ጣቢያ ቆሜያለሁ። ከሐዲዱ ጠርዝ ካለው ቢጫ መስመር ማለፌን ያወቅሁት አንድ የማላውቀው ሰው ጃኬቴን ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ነው። ባቡሩ በነፋሱ ፊቴን መትቶኝ አለፈ። ሰውየው፣ "ደህና ነህ ወንድሜ?" አለኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ፣ እስክረጋጋ አጠገቤ ቆይቶ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ቤት ገብቼ ለሰናይት ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። በማግስቱ እጄን ይዛ የሰፈራችን ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ውሸትን የሚለካ ማሽን የለም" አለች። "ያ ማሽን የሚለካው ትንፋሽን፣ ላብን፣ የደም ግፊትን ነው። ሰው ሲዋሽም፣ ሲፈራም፣ ሲያፍርም የሚለዋወጡት እነዚሁ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የሚገምተው ፈታኙ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይጠቀሙበታል?" አለች ሰናይት።

"አንዳንዱ ሰው ማሽኑን ፈርቶ ራሱ ይናዘዛል። ለሠራተኛ ማጣሪያ ግን ሳይንሱ አያስተማምንም። ከብዙ ሐቀኛ ሰው መሃል አንድ ሰላይ ስትፈልጊ፣ በስህተት የሚያዙት ንጹሐን ከሰላዩ ይበዛሉ። ሰላዩ ደግሞ ራሱን አረጋግቶ ሊያልፍ ይችላል።" ወደ እኔ ዞረች። "ከዚህ በፊት እንዲህ ታስረህ ተጠይቀህ ታውቃለህ?"

ተማሪ ሳለሁ አገር ቤት ታስሬ እንደነበር ሰናይት ታውቃለች። ምን እንዳደረጉኝ ግን አታውቅም። የሰው መከራ ስተረጉም የኖርኩት ሰውዬ የራሴን ለመናገር ቃል አጣሁ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ከወንበር ጋር ያስሩኛል። ከኋላዬ አንድ ሰው በለሰለሰ ድምፅ፣ "እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ" ይለኛል። እውነቱን እነግረዋለሁ። ከዚያ ድብደባው ይጀምራል።

ሰናይት አለቀሰች። "ይቅር በለኝ" አለችኝ፤ እዚያው ሐኪሟ ፊት።

የሐኪሟን ማስረጃ ይዤ ለመሥሪያ ቤቱ ይግባኝ አልኩ። ውሳኔያቸው በማሽኑ ብቻ እንዳልተመሠረተ፣ ሌላውን ምክንያት ለመግለጽም እንደማይገደዱ መለሱልኝ። በዚያው አለቀ።

ዛሬ ዌምብሊ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። ልጃችን መራመድ ጀምራለች። መኮንንን አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ አየሁት፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ቅጣቴን ጨርሼ እወጣ ነበር። ያልሠራሁትን በምን እጨርሰዋለሁ?

ባለፈው ሰሞን ከማላውቀው የአስተርጓሚዎች ኤጀንሲ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። በአመክሮ የተፈታ አማርኛ ተናጋሪ እስረኛ አለ፤ በውሸት መመርመሪያ ማሽን ሊፈተን ነው፤ ጥያቄዎቹን ትተረጉምለታለህ ወይ አለችኝ። ያ ሥራ ምን ያህል እንደናፈቀኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ያንን ጥያቄ በእኔ ድምፅ፣ በገዛ ቋንቋው ሲሰማው ታየኝ።

"ይቅርታ፣ ያን ቀን ከለንደን ውጭ ነኝ" አልኳት። የትም አልሄድም ነበር። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ድምፄ ግን ንቅንቅ አላለም። እሷም አመስግናኝ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከሐሳቤ አይጠፋም። ጥፋቱ ምን እንደነበር አላውቅም። እውነቱን ይናገር ይዋሽ አላውቅም። እንደሚፈራ ግን አውቃለሁ።