አዝሙድ ያለበት የኛ ነው

መሳለሚያ ባለው ዳቦ ቤት በኩል ሳልፍ የቅቤ ሊጥ ሽታ አቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ዒድ ሲደርስ እናቴ ሊጡን በቅቤ እየደራረበች ትዳምጠው ነበር፤ እኔ የተፈጨ ሥጋ እጠቀልልበታለሁ። የአንዱ ትሪ ሥጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት፣ የኛ፤ የሌላው ከክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለና የልጆቻቸው። አንድ ዓመት እናቴ እንዳይምታታባት የኛን ጠርዝ በሹካ ጫን ጫን አደረገችና ሁለቱንም ለዳቦ ቤቱ ምድጃ ላከች።

ትሪዎቹ ሲመለሱ ሊጡ ተነፍቶ የሹካው ምልክት ጠፍቷል። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ትሪ አይለይም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አዝሙድ ያለበት የኛ ነው» አልኩ። ጥቁር አዝሙድ ስለምወድ፣ ሳላስፈቅድ የኛው ላይ በትኜበት ነበር።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምልክት የምታደርጊው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ግቢው ሁሉ የኔ መሰለኝ።

እሳቸው ዛሬ የሉም፤ ልጆቻቸው ግን በዒድ አይቀሩም፤ እኔም ሥጋ ከሁለት ቦታ እገዛለሁ። ልጄ ላግዝሽ ስትለኝ ሊጡን እሰጣታለሁ። አዝሙዱን ግን ለማንም አልሰጥም።